ፕሮግራሜ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ በአማርኛ ይወድቃል

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሲ ቋንቋ ከጀመርኩ ገና አንድ ሴሚስተር አልሞላኝም። ሃሽ ቴብል (ከቃሉ ቁጥር አስልቶ ቃሉን በዚያ ቁጥር ቦታ የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ) ተጠቅመን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ የሚቆጥር ፕሮግራም እንድንሠራ ታዘዝን። እኔም ሠራሁ። 100 ባኬት (ማስቀመጫ ቦታ) ያለው ግሎባል አሬይ አለኝ። እያንዳንዱ ባኬት የኖዶች (አንድ አንድ ቃል ከነቁጥሩ የሚይዙ ክፍሎች) ሰንሰለት ይይዛል። ሃሽ ፈንክሽኔ የቃሉን ቻሮች (ባይቶች) በሙሉ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ውስጥ ይደምርና ለ100 አካፍሎ ቀሪውን ይመልሳል። አዲስ ቃል ሲመጣ ለኖዱ ማሎክ አደርጋለሁ፣ ማለትም ሚሞሪ እጠይቃለሁ። ከዚያ የቃሉን ርዝመት የሚቆጥረው ስትርሌን የሚሰጠኝን ያህል ለቃሉ ሌላ ማሎክ አድርጌ በስትርኮፒ እገለብጠዋለሁ።

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስሞክረው ምንም አላለም። ደስ ብሎኝ ከአያቴ ማስታወሻ ደብተር ላይ የተየብኩትን የአማርኛ ፋይል ሰጠሁት። ወዲያው «ሴግሜንቴሽን ፎልት» ብሎ ወደቀ። ዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው) የወደቀው ሁለት ቃላት በሚያወዳድረው ስትርኮምፕ ውስጥ ነው ይላል። አንድ የክፍላችን ልጅ «ሃሹ ላይ አብስ ጨምሪበት» አለኝ፤ አብስ ኔጋቲቭ ቁጥርን ፖዘቲቭ ያደርጋል። ጨመርኩ። አጫጭር ፋይሎች መሥራት ጀመሩ። ሙሉውን ፋይል ስሰጠው ግን 1,700 አካባቢ የተለያዩ ቃላት ከመዘገበ በኋላ «ሲስማሎክ፦ አሰርሽን ፌይልድ» ብሎ ይሞታል። አሁን ደግሞ የሚወድቀው ማሎክ ውስጥ ነው። ፋይሉን ለሁለት ስቆርጠው ሁለቱም ግማሾች ይሠራሉ!

ከሁሉም የገረመኝ፣ የመጀመሪያው ኮድ አብስ ሳይጨመርበት ጓደኛዬ ስልክ ላይ፣ ተርመክስ በሚባለው አፕ ውስጥ፣ ያለ ችግር ይሠራል። የኔ ላፕቶፕ ባለ 64 ቢት ኡቡንቱ ነው። ማስረከቢያው ቀን ደርሷል። «በእንግሊዝኛ ይሠራ የለ? በዚያው አስረክቢ። ሲ ለአማርኛ አይሆንም» ያሉኝ አሉ። እውነት ነው? ወይስ ኮዱን ከእንደገና ልጻፈው?

ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ኮዱን ከእንደገና አትጻፊው። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት የተበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ሁለቱንም ዛሬ ማታ አስተካክለሽ ትተኛለሽ። ሲ ለአማርኛ አይሆንም ያሉሽን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። ሁለቱም ስህተቶች በእንግሊዝኛ ስትሞክሪውም ኮድሽ ውስጥ ነበሩ። ፈልፍሎ ያወጣቸው የአያትሽ ደብተር ነው። በእንግሊዝኛው አስረክበሽው ቢሆን ማርክሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ስህተቱም አብሮሽ ይሄዳል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ነገሮች ብዙ ረድተውኛል። አንደኛው ስልክ ላይ መሥራቱ ነው። ሁለተኛው 1,700 የሚለው ቁጥር ነው። ሦስተኛው ፋይሉ ለሁለት ሲቆረጥ ሁለቱም ግማሾች መሥራታቸው ነው። ብዙ ሰው «ክራሽ ያደርጋል» ብቻ ብሎ ይጽፍልኛል። አንቺ ግን መቼ እንደሚወድቅና መቼ እንደማይወድቅ ጽፈሻል። ግማሽ መንገዱን የሄድሽው እዚያ ጋ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። «ሀ»ን ውሰጂ። ለእኛ አንድ ፊደል ነው። ፋይልሽ ውስጥ ግን ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 128። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። በተሰጠው ቦታ ምክንያት በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ዘዴ) ሲጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ሦስት ባይት ይፈጃል። አራት ነጥቡም ሦስት ባይት ነው። የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኤ» ግን አንድ ባይት ነው፣ ቁጥሩም 65። አሁን ልዩነቱን ተመልከቺ። የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር በሙሉ ከ128 በታች ነው። የእኛ ፊደላት ሦስቱም ባይቶቻቸው 128 ወይም ከዚያ በላይ ናቸው።

ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ፣ ደግሞ ተራውን ቻር የሚያየው ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም መሆን እንደሚችል ቁጥር ነው። ከኔጋቲቭ 128 እስከ 127 ድረስ ብቻ ይይዛል። ከ127 የሚበልጥ ባይት ሲመጣ 256 ይቀነስለትና ኔጋቲቭ ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ያንቺ ፈንክሽን «ሀ»ን ሲያይ የሚያገኘው -31፣ -120 እና -128 ነው። ድምሩ -279። ይህ ለ100 ሲካፈል ቀሪው በሲ -79 ነው። ፓይተን ተምረሽ ከሆነ እዚያ መልሱ 21 ነው፣ ብዙ ጀማሪም የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው። በሲ የቀሪው ምልክት የተካፋዩን ምልክት ይከተላል።

እንግዲህ ፕሮግራምሽ «ሀ» የሚለውን ቃል ባኬት ቁጥር ኔጋቲቭ 79 ውስጥ ሊያስቀምጥ ሄደ። እንዲህ ያለ ባኬት የለም። ሲ ግን አያስቆምሽም። ከአሬይሽ መጀመሪያ 79 ቦታ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) 8 ባይት ስለሆነ ይህ 632 ባይት ወደ ኋላ ማለት ነው። እዚያ ያለው ያንቺ አይደለም። ሌላ ግሎባል ቫሪያብል ሊሆን ይችላል። የላይብረሪ ፈንክሽኖች አድራሻ የሚቀመጥበት ሰንጠረዥም ሊሆን ይችላል። ዜሮ ካገኘ «ባኬቱ ባዶ ነው» ብሎ ኖድሽን እዚያ ይጽፍና ዝም ብሎ ይቀጥላል። ዜሮ ያልሆነ ነገር ካገኘ ግን ያንን ነገር እንደ ኖድ አድራሻ ይቆጥረዋል። ከዚያ «ኖድ» ውስጥ የቃሉን ፖይንተር ያወጣል። ያወጣውን ለስትርኮምፕ ይሰጣል። ስትርኮምፕ ምስኪኑ የተሰጠውን አድራሻ ሊያነብ ሲሞክር ይወድቃል።

ስትርኮምፕ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ በፊት፣ ሃሽ ፈንክሽንሽ ቁጥር ሲመልስ ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የወደቀበትን መስመር ካየሽ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ይህ ዋጋ ከየት መጣ? መልሱን ይዘሽ ወደ ላይ ውጪ። እንደገና ጠይቂ።

ይህን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። አብሱን ለጊዜው አውጪው። ኮምፓይል ስታደርጊ «ሰረዝ ጂ» የሚለውን ጨምሪ። ያለ እሱ ዲበገሩ የመስመር ቁጥርና የቫሪያብል ስም አያውቅም። ከዚያ አንድ ፋይል ክፈቺና ውስጡ «ሀ» ብቻ ጻፊ። አንድ ፊደል ብቻ። ጂዲቢ (ዲበገሩ) ውስጥ ገብተሽ ሃሽ ፈንክሽኑ ከሚመልስበት መስመር ላይ ብሬክፖይንት አስቀምጪ። ራን በይው። ሲቆም የድምሩን ዋጋ ፕሪንት አድርጊ። -279 ሲልሽ ታያለሽ። ያን ጊዜ የማንንም ምክር፣ የእኔንም ጭምር፣ ማመን አያስፈልግሽም። ትልቁን ፋይል ስትሰጪው ከወደቀ ደግሞ «ቢቲ» ብለሽ ማን ማንን እንደጠራ ዝርዝሩን አይተሽ፣ «አፕ» እያልሽ ከስትርኮምፕ ወደራስሽ ፈንክሽን ውጪና ኢንዴክሱን ፕሪንት አድርጊ።

ስልኩ ላይ ለምን ሠራ? የሲ ደረጃ ተራ ቻር ኔጋቲቭ ይሁን አይሁን ብሎ አልወሰነም። ለኮምፓይለሩና ለማሽኑ ነው የተወው። ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ በሚሠራ ሊኑክስ ተራ ቻር ኔጋቲቭ ይሆናል። ኤአርኤም ፕሮሰሰር ባለው የአንድሮይድ ስልክ ላይ ግን አይሆንም፤ ከ0 እስከ 255 ነው። ስለዚህ ጓደኛሽ ስልክ ላይ «ሀ» 225 ሲደመር 136 ሲደመር 128፣ ማለትም 489 ነው። ቀሪው 89። ባኬት 89 ደግሞ አለ። ኮዱ ያው ነው፣ ፋይሉም ያው ነው፣ የተለየው ቻርን የሚያዩበት መንገድ ነው። «የኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚለውን አባባል አትመኝበት የምልሽ ለዚህ ነው።

ማስተካከያው ይኸው። ባይቱን ከመደመርሽ በፊት ወደ አንሳይንድ (ኔጋቲቭ የማይሆን) ቻር ቀይሪው። ድምሩን የሚይዘውን ቫሪያብል ደግሞ ከኢንት ወደ አንሳይንድ ኢንት ቀይሪው። ፈንክሽኑ የሚመልሰውንም እንዲሁ። ሁለቱንም አድርጊ። ድምሩን ብቻ ብትቀይሪ መውደቁ ይቀራል፣ ግን -279 ወደ 4,294,967,017 ይዞርና «ሀ» ባኬት 17 ውስጥ ይገባል። ስልክና ላፕቶፕ የተለያየ መልስ ይሰጡሻል። ሁለቱን ካደረግሽ ሁለቱም 89 ይላሉ።

አብስ የመከረሽን ልጅ አልቆጣውም፤ ሊረዳሽ ነው። ለዚህ ተራ ድምርም አብስ ይሠራል። ግን ምክንያቱን ሸፈነብሽ። ነገ ሃሹን ወደ ተሻለ ስትቀይሪ ድምሩ ኢንት የሚችለውን ሁሉ ይነካል። ከነዚያ ቁጥሮች አንዱ -2,147,483,648 ነው። የእሱ ፖዘቲቭ ኢንት ውስጥ አይገባም፣ አብስም ትክክለኛ መልስ ሊሰጥሽ አይችልም። ከስንት ሚሊዮን ቃል አንዴ የሚመጣ ክራሽ ደግሞ የሚያሳብድ ነው። አብሱን አጥፊው።

እግረ መንገዴን፣ ባይቱ ፊደል መሆኑን ለማየት ኢዝአልፋን፣ ወይም ወደ ትንሹ ፊደል ለመቀየር ቱሎወርን የምትጠሪ ከሆነ ለእነሱም ስትሰጪ ወደ አንሳይንድ ቻር ቀይሪ። ኔጋቲቭ ቻር መስጠት ደረጃው የከለከለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስህተት እንምጣ። የአብስ ሽፋን ከተደረገ በኋላ የቀረው ይህኛው ነው። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የያዘው እሱ ነው።

ስትርሌን የቃሉን ባይቶች ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ ያለውን ዜሮ ባይት ግን አይቆጥርም። ስትርኮፒ ሲገለብጥ ዜሮዋንም ይገለብጣል። ስለዚህ ለ24 ባይት ቃል 24 ባይት ወስደሽ 25 ጻፍሽበት ማለት ነው። አንድ ባይት ከአጥር ውጪ ወደቀች። ማሎክ ውስጥ «ስትርሌን ሲደመር 1» ብትዪ አለቀ። ማስተካከያው ይኸው ነው።

ግን ለምን በእንግሊዝኛ አልወደቀም? ለምንስ 1,700 ቃል ድረስ ጠበቀ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ።

ማሎክን እንደ መጋዘን ጠባቂ አስቢው። የጠየቅሽውን ልክ ቆርጦ አይሰጥም። ባለ 64 ቢት ኡቡንቱ ላይ ያለው ማሎክ የሚሰጥሽ ትንሹ ቦታ 24 ባይት ነው። ቀጥሎ 40፣ ከዚያ 56፣ እያለ በ16 ይጨምራል። 5 ባይት ብትጠይቂም 24 ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ ባለ 5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ዜሮዋ ብትተርፍም ማንንም አትነካም። የምትነካው ልክ 24፣ 40 ወይም 56 ባይት የሆነ ቃል ሲመጣ ነው። 24 ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ጊዜ አጋጥሞሽ ያውቃል?

በአማርኛ ግን ፊደሉ ሦስት ባይት ነው። 24ን ለ3 አካፍዪው። ስምንት ፊደል! «ኢትዮጵያዊያን» ብለሽ በጣትሽ ቁጠሪ፦ ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ፣ ዊ፣ ያ፣ ን። ስምንት ፊደል፣ 24 ባይት። ባለ ሰባት ፊደል ቃል ከነአራት ነጥቡ ካነበብሽውም እንዲሁ 24 ነው። ባለ ሰባት ፊደል ብቻውን 21 ስለሆነ ትርፍ ቦታ አለው። ባለ ዘጠኝ ፊደል 27 ስለሆነ 40 ይሰጠዋል። 40 እና 56 ደግሞ ለ3 አይካፈሉም። ስለዚህ ፋይልሽ ውስጥ ካሉት የአማርኛ ቃላት ጥፋት የሚያደርሱት በተግባር ባለ ስምንቶቹ ናቸው። ሌሎቹም ስህተት ናቸው፣ ግን አይታዩም።

ታዲያ ባለ ስምንቱ ምን ይነካል? ማሎክ ከእያንዳንዱ ቦታ በፊት መዝገብ ይጽፋል፤ ያ ቦታ ስንት ባይት እንደሆነ። ያንቺ ቃል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተወሰደው ስለሆነ ከእሱ ቀጥሎ ያለው መዝገብ «መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ይህን ያህል ነው» የሚለው ነው። ፕሮሰሰርሽ ቁጥርን የሚጽፈው ከትንሹ ጫፍ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያቺ ዜሮ የምትወድቀው በመዝገቡ ትንሹ ባይት ላይ ነው። የቀረው ቦታ ልክ እስከ 240 ባይት በሚደርስ ተቀነሰ። ማንም አላየም። ማሎክም በዚያ የተሳሳተ መዝገብ እየቀነሰ ሥራውን ቀጠለ።

መጋዘኑ መጀመሪያ 132 ኪሎባይት ነው። አንድ አዲስ ቃል፣ ኖዱና ቃሉ ተደምረው፣ ብዙውን ጊዜ 64 ባይት ይወስዳሉ። ከዚህ ላይ ፋይል ለማንበብ የተያዘውን ስትቀንሺ ወደ 2,000 ቃል ይይዛል ማለት ነው። ባለ ስምንቶቹ በየጊዜው ከመዝገቡ ላይ ስለሚቀንሱ ግን ቀድሞ ያለቀ ይመስለዋል። ያ ያንቺ 1,700 ነው። ያን ጊዜ ማሎክ ከሲስተሙ ተጨማሪ ሊጠይቅ ይሄዳል። ከመጠየቁ በፊት መዝገቡን ያጣራል፦ የመጋዘኑ መጨረሻ የ4,096 ባይት ገጽ ድንበር ላይ ያርፋል? አያርፍም። «አሰርሽን ፌይልድ» ብሎ ራሱን ገደለ። ፋይሉን ለሁለት ስትቆርጪ ግን የትኛውም ግማሽ መጋዘኑን አይጨርስም። ማጣሪያው ስለማይደረግ ሁለቱም ይሠራሉ። ሁለቱም ግን ያው ስህተት አለባቸው።

ይህን ያህል የተነተንኩልሽ ስሌቱን እንድትሸመድጂው አይደለም። ጥፋቱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተሠርቶ መውደቁ ሃያኛው ገጽ ላይ ሊሆን እንደሚችል በቁጥር እንድታዪው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ማሎክ ውስጥ ወደቀ ብዬ የመጨረሻውን ማሎክ ሁለት ቀን ሙሉ አገላብጬ አይቻለሁ። እሱ ንጹሕ ነበር። አንቺን ከዚያ ሁለት ቀን ላድንሽ እፈልጋለሁ።

የሚያድንሽ መሣሪያም አለ። ጂሲሲ ራሱ ውስጥ አለ፣ ከኢንተርኔት አውርጂ አይልሽም። ኮምፓይል ስታደርጊ «ሰረዝ ኤፍ ሳኒታይዝ» ብለሽ፣ የእኩል ምልክት አድርገሽ፣ «አድሬስ» እና «አንዲፋይንድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በኮማ ለይተሽ ጨምሪ። በእርግጥ የምትጽፊው በላቲን ፊደል ነው። «ሰረዝ ጂ»ንም እንዳትረሺ። ከዚያ «ኢትዮጵያዊያን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበት ፋይል ስጪው። 1,700 ቃል አይጠብቅም። እዚያው፣ ስትርኮፒው ላይ፣ ያስቆመዋል። «ሂፕ በፈር ኦቨርፍሎው» ይልሻል። ቀጥሎ «25 ባይት ተጻፈ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «24 ባይት ያለው ቦታ ካለቀ በኋላ» ይልና ቦታው በየትኛው መስመር ላይ በማሎክ እንደተወሰደ ያሳይሻል። 25 እና 24 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያሳይሽ ስህተቱ ራሱ ነው የሚናገረው። የመጀመሪያውን ስህተት ደግሞ ሁለተኛው ቃል፣ አንዲፋይንድ የሚለው፣ ይይዘዋል። «ኢንዴክስ -79 ከወሰን ውጪ ነው» ብሎ መስመሩን ይነግርሻል። አድሬስ የሚለው ብቻውን ይህን ሊያልፈው ይችላል፣ ሁለቱን አብረሽ የምትጠቀሚው ለዚህ ነው።

ቫልግሪንድ የሚባለው የሚሞሪ ስህተት ፈላጊ ካለሽም ጥሩ ነው። እሱ ኮዱን እንደገና ኮምፓይል አድርጊ አይልሽም። በጣም ቀርፋፋ ነው እንጂ ያችን ዜሮ ባይት ያገኛታል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አትቀላቅዪ። በሳኒታይዝ የተሠራውን ፕሮግራም ቫልግሪንድ ውስጥ አታስኪጂው።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። አሬይሽ ግሎባል ስለሆነ ሲጀምር ዜሮ ነው። ነገ በማሎክ ካደረግሽው ግን ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በማሎክ ፈንታ በዜሮ ሞልቶ የሚሰጠውን ካሎክ ተጠቀሚ። ኖዶቹን ፍሪ ስታደርጊ (ሚሞሪውን ስትመልሺ) መጀመሪያ ቀጣዩን ሌላ ቫሪያብል ውስጥ ያዢ፣ ከዚያ ፍሪ አድርጊ። ፍሪ ካደረግሽው ኖድ ላይ ቀጣዩን ማንበብ የቤቱን ቁልፍ አስረክቦ ዕቃ ልውሰድ ብሎ እንደመመለስ ነው። ቀጣዩን የሚይዘው ፖይንተር ኖዱ መጨረሻ ላይ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ይመስላል፣ ስለዚህ «አልወደቀም» ብለሽ አትለፊው።

ቃሉን የምታነቢበት አሬይ ግን ትንሽ ያሳስበኛል። መጠኑን አልጻፍሽልኝም። 100 ባይት ነው እንበል። 33 የአማርኛ ፊደል ይይዛል። ለቃል በቂ ነው። ነገር ግን የአያትሽ ደብተር ነው ያልሽው። አያትሽ በድሮው ሥርዓት በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጉ ከነበረና አንቺም እንዳለ ያለ ክፍት ቦታ ከተየብሽው፣ ስካንኤፍ (የሲ ማንበቢያ ፈንክሽን) ሁለት ነጥቡን እንደ መለያ አያውቀውም። መስመሩን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ያነበዋል። ያኔ 100 ባይት የት ይበቃል? ስካንኤፍ ላይ ከፐርሰንቱ ቀጥሎ 99 የሚል ወሰን ጻፊ። ሁለት ነጥቡንና አራት ነጥቡን ደግሞ ከማንበብሽ በፊት ወደ ክፍት ቦታ ቀይሪያቸው። ሦስት ሦስት ባይት ስለሆኑ ሦስቱንም ባይት ነው የምትቀይሪው። ቆጠራሽም የሚስተካከለው ያን ጊዜ ነው፤ አሁን «ቤት» እና «ቤት።» ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው እየተቆጠሩልሽ ነው።

ስለ ሃሹም አንድ ነገር። ክራሽ አያደርግም፣ ግን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ድምር ብቻ ስለምትወስጂ የፊደል ቅደም ተከተል አይታይሽም። «ለበሰ»፣ «በሰለ» እና «ሰለበ» ሦስቱም አንድ ባኬት ውስጥ ይገባሉ። አማርኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ሞልቷል። ሰንሰለቱ ያድንሻል፤ የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 ሐሳቡን ሲጽፍም አንድ ቦታ ላይ የተገናኙትን በሰንሰለት ማያያዝ አብሮት ነበር። ግን ሰንሰለቱ ሲረዝም ፍለጋው ይዘገያል። ዳን በርንስታይን ያስለመደውን ቀላል መንገድ ሞክሪ። ከ5381 ጀምሪ። ለእያንዳንዱ ባይት ያለሽን በ33 አባዥና ባይቱን ደምሪ። ሁሉም አንሳይንድ ይሁን። በዚህ መንገድ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። 100 ባኬትም ለ2,000 ቃል ጠባብ ነው፤ 4,096 ብታደርጊው ላፕቶፕሽ አይሰማውም።

«ዓለም» እና «አለም»፣ «ሐገር» እና «ሀገር» ለየብቻ መቆጠራቸው ግን የሚሞሪ ጉዳይ አይደለም። አያትሽ በየትኛው እንደጻፉ ተመልከቺና ራስሽ ወስኚ። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዙር እንዳለ እተወዋለሁ። የሰውየው አጻጻፍ ራሱ መረጃ ነው።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሪ። መጀመሪያ ምንም ሳትነኪ በሳኒታይዝ ኮምፓይል አድርጊና «ሀ» ያለበትን ፋይል ስጪው፣ አብሱ ወጥቶ። መልእክቱን አንብቢ። ሃሹን አስተካክዪ። እንደገና አስኪጂ። ቀጥሎ «ኢትዮጵያዊያን» ያለበትን። ማሎኩን አስተካክዪ። እንደገና። ሁለቱ ትንንሽ ፋይሎች ዝም ካሉ በኋላ ብቻ ደብተሩን በሙሉ ስጪው። ሁለቱንም ትንንሽ ፋይሎች አትሰርዢ። ከኮድሽ ጋር አብረሽ አስረክቢያቸው፣ ለምን እንዳሉም በሁለት መስመር ጻፊ።

ሙሉው ፋይል ላይ አሁንም ከወደቀ፣ ሳኒታይዙ ከሚያወጣው መልእክት የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች ሳትቆርጪ፣ ከነቁጥሮቹ ላኪልኝ። ቃሉን የምታነቢበትን መስመርም ጨምሪልኝ፤ ያንን አሬይ ሳላየው አልተኛም።